እንማከርበት

ሶልያና ማክሰኞ ጠዋት ከእንቅልፏ ስትነቃ ቁርሷን በልታ ጨርሳ ነበር። የበላችው ማር የፈሰሰበት ጨጨብሳ ነው፤ ከጎኑ የፓፓያ ጭማቂ። ፎቶውን እንደራሴዋ ገና ጎህ ሲቀድ ለጥፋው፣ ቢሾፍቱ ያለ ዘመድ አዝማድ ሁሉ «ይመችሽ» ብሏታል። በዚያው ጠዋት ለጎረቤት ልጅ ምርቃት እልል ብላለች፤ ለአንድ ለማታውቀው ሟችም አልቅሳለች፣ በመጠኑ። ይህን ሁሉ አንገቷ ላይ የተንጠለጠለችው የካፖርት ቁልፍ የምታክል እንደራሴዋ በራሷ በሶልያና ድምፅ አንድ በአንድ ነገረቻት። ሶልያና እያዳመጠች ፊቷን ታጠበችና ከትናንት የተረፈውን ሽሮ ሳታሞቅ በቆመችበት በላች።

እንደራሴ የሌለው ሰው አልነበረም። ሰላም የምትልለት፣ የምትጽፍለት፣ የምትስቅለት፣ ለቅሶ የምትደርስለት እሷ ነች። ባለቤቷ ከልጅነቱ ጀምሮ የተናገረውን ሁሉ ስለሰማች እንደ እሱ ትናገራለች፤ ብዙ ጊዜም ከእሱ አሳምራ። ሶልያና የልብ ጓደኛዋን ሄርሜላን በገዛ አፏ ካናገረቻት ዓመታት አልፈዋል። የሁለቱ እንደራሴዎች ግን ውለው አድረው አይነጣጠሉም። አንድ ጊዜ እንዲያውም ተኳርፈው ታርቀዋል፤ ሶልያና የሰማችው ከታረቁ በኋላ ነው። በምን እንደተጣሉ ስትጠይቅ እንደራሴዋ «ተይው፣ አልፏል» አለቻት።

በገዛ አፍ መናገር አልተከለከለም። ትንሽ ነውር ነው እንጂ፤ ሳይጠሩ ሰው ቤት በሌሊት ልብስ እንደመግባት ያለ። ሰው በገዛ አፉ የሚናገረው ሲጨንቀው ነው፣ ወይም ሰው ሲሞት። ስለዚህ በዚያ ማክሰኞ ልጇ ጠጂቱ ከመኝታ ቤቷ ወጥታ ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆመችና፣ አንገቷ ላይ ያለውን በመዳፏ ሸፍና «እማዬ፣ በገዛ አፌ ነው» ስትላት፣ ሶልያና የሽሮውን ሳህን አስቀምጣ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች።

«ማን ነው የሞተው?»

«ማንም አልሞተም። ተነሺ።»

«ሐኪም ቤት ሄደሽ ነበር? ምን አሉሽ?»

«እማ፣ ሽማግሌ ሊልኩብሽ ነው።»

ሶልያና አልተነሳችም። ሽማግሌ የሚባል ነገር በሐሳቧ ካሰለፈቻቸው አደጋዎች መካከል ስላልነበረ፣ የት እንደምታስቀምጠው ለጊዜው ጠፋት።

«የማን ልጅ ነው?»

«ደበበ ይባላል። አበባ እርሻው ላይ ነው የሚሠራው። እናቱ ወይዘሮ ኤልዳና፣ ሆራ ሐይቅ አጠገብ ያሉት።»

«አላውቀውም።»

«እንደራሴሽ ታውቀዋለች። አምና ልደቱን እንኳን አደረሰህ ብለሽዋል። ልብ ሁሉ ልከሽለታል።»

«ምን ልብ?»

«ቀይ ልብ።»

የዚያ ዘመን ወጣት ስሙ ሁሉ እንዲህ ነበር፤ ጠጂቱ፣ ደበበ፣ ዘነበች። ሶልያና ወይም ኤልዳና የምትባል ሴት ካለች ግን አሮጊት መሆኗን ሳያዩ ማወቅ ይቻላል።

ሶልያና ክፉ ክፉውን ማሰብ ልማዷ ነው። ያሰቡት ክፉ ነገር አይደርስም ብላ ታምናለች፤ እንዳይደርስ ደግሞ ሁሉንም ማሰብ አለባት፤ ሥራ ይበዛባታል። ባሏ ባሮክ በነበረ ጊዜ በመኪና ይሞታል ብላ አስባለች፤ በመብረቅ፣ በዓሣ አጥንት፣ ከሥራ ቦታው ደረጃ በመውደቅም አስባለች። እሱ ግን ምሳውን በልቶ ሶፋው ላይ ጋደም እንዳለ በዚያው ሄደ። ያላሰበችው ሶፋውን ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲህ የቤት ዕቃ እንኳ አይቀራትም። እና እንደራሴዋ ይህን ሁሉ፣ በየምሽቱ አልጋዋ ላይ ሆና የምታጉተመትመውን ጭምር፣ ስትሰማ ኖራለች።

ሽማግሌ ድሮ በእግሩ ይመጣ ነበር። አሁን የሽማግሌዎቹ እንደራሴዎች ከልጅቷ ወላጅ እንደራሴ ጋር ይነጋገሩና ውኃ ሳይፈላ ነገሩ ያልቃል። ወጉ ግን አልተለወጠም። ሴት ልጅ በመጀመሪያው ጥያቄ አትሰጥም። ቤተሰቧ «ዘመድ አለን፣ እንማከርበት» ይላል፤ ሽማግሌው ይሄዳል፣ ተመልሶ ይመጣል፣ እሺ የሚባለው ያኔ ነው። በመጀመሪያው እሺ ያለ ቤተሰብ ልጁን ሊገላገላት የቸኮለ ይመስላል።

«አንድ ጊዜ እንማከርበት፣ ከዚያ እሺ» አለች ጠጂቱ። «ሌላ ቃል እንዳትጨምር ንገሪያት። አንቺን ስለምትመስል እፈራታለሁ።»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«ምንም።»

ቅዳሜ ሶልያና ቤቱን ወለወለች። የሚመጣ ሰው እንደሌለ ታውቃለች፤ ግን ወለወለች። ሦስት ወንበር ደረደረች፣ ለስላሳ ገዝታ አቀዘቀዘች፣ ነጠላዋን አጣፍታ ከሦስቱ ባዶ ወንበሮች ፊት ለፊት ተቀመጠች። አንዱ ወንበር ትንሽ ያጋደለ ስለመሰላት ተነስታ አስተካከለችውና ተመለሰች።

«መጡ?» ብላ ጠየቀች።

«መጥተው ሄዱ» አለቻት እንደራሴዋ።

«መቼ?»

«ወንበሩን ስታስተካክዪ።»

«እና ምን አልሻቸው?»

«እንማከርበት አልናቸው።»

«ጎሽ።»

«ተመልሰው መጡ።»

«እሺ አልሻቸው?»

«እንማከርበት አልናቸው። ተመለሱ። እንማከርበት አልናቸው። አሁንም ተመለሱ።»

ሶልያና ነጠላዋን ጨብጣ ቆመች። «ስንት ጊዜ ነው የመጡት?»

«እስኪቀየሙ።»

ጎዳናው ላይ አንድ ታክሲ ሾፌር ሳይኖረው ጡሩምባውን ነፍቶ አለፈ። ሶልያና እስኪያልፍ ጠበቀች።

«ለምን እሺ አላልሽም? ነግሬሽ አልነበረም?»

«እሺ ካልን እኮ ይወስዷታል» አለች እንደራሴዋ፣ ሶልያና ጉዳዩ ግልጽ ሲሆንባት በምትናገርበት ድምፅ። «አማቷ ክፉ ትሆናለች። ጓዳ ገብታ ታለቅሳለች፣ አትነግረንም። እዚያ ሐይቅ አለ። ስታምጥ መብራት ይጠፋል። ይህን ሁሉ ያልሽው አንቺ ነሽ፤ ሐሙስ ማታ። ከዚያ ደግሞ ብቻችንን እንቀራለን። ይህችን ጮክ ብለሽ አልተናገርሻትም፤ ግን አውቃታለሁ።»

ሶልያና ሦስቱን ለስላሳዎች ወደ ማቀዝቀዣው መለሰቻቸው።

ከሰዓት በኋላ ዳቦ ልትገዛ ስትሄድ የዳቦ ቤቱ በር «እንኳን ደህና መጡ» ሳይላት ተከፈተ። ጓደኛዋ ሄርሜላ ለካ ለወይዘሮ ኤልዳና በጋብቻ ትዛመዳለች፤ የሄርሜላም እንደራሴ ዘግታታለች። ማታ ላይ ጨጨብሳዋን «ይመችሽ» ያላት አልተገኘም። ይህ ሁሉ ለሶልያና ያን ያህል አልነበረም፤ ከዚህ የባሰ አስባ ታውቃለች። የከፋው የጠጂቱ ነው። ቂም የያዘ ቤተሰብ እንዳይገጣጠም፣ ለሰላም ሲባል፣ ታክሲውም ክሊኒኩም አሳንሰሩም መንገድ ያሳስታል። ጠጂቱ ደበበን ልታገኘው ወጥታ ታክሲው የከተማውን ዳር ዳር አዙሮ ቤቷ ደጃፍ መለሳት። በሁለተኛው ታክሲም እንደዚያው። ልጅቷ ገብታ ሶፋው ላይ ተጋደመች። ሶልያና «ከዚያ ላይ ተነሺ» አለቻት፤ አልተነሳችም።

«ቂሙ ሰኞ ጠዋት ይታሸጋል» አለች ጠጂቱ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ። «ከዚያ ወዲያ አንድ አዳራሽ ውስጥ እንኳ አንቀመጥም። ለቅሶ ብንሄድ ድንኳኑ ይለያያል። እሱ በአንድ መንገድ፣ እኔ በሌላ።»

«እኔ እነግራታለሁ፣ እሺ ትላለች።»

«የሷ እሺ አሁን አይሠራም። ሁለት እንደራሴ የዘጉትን የሚከፍተው የሁለቱ እናቶች የገዛ አፍ ብቻ ነው። ፊት ለፊት። ማን ያደርገዋል?» ጠጂቱ ትራሱን አንገቷ ሥር አስገባች። «አንቺ እንኳን ሰው ቤት ሄደሽ ልትናገሪ፣ ባለዳቦ ቤቱን ቀና ብለሽ አታዪውም።»

እሑድ ረፋድ ላይ ሶልያና አንገቷ ላይ ያለውን ፈታች። እንደራሴዋ ወዴት እንደሆነ ጠየቀቻት። ሶልያና የዱቄት ባልዲውን ከፍታ፣ እጇን እስከ ክርኗ አስገብታ ዱቄቱ ውስጥ ቀበረቻትና ክዳኑን ገጠመች። ከውስጥ የታፈነ ነገር ይሰማል፤ «ብትወድቂስ?» የሚል ይመስላል።

ታክሲዎቹ አላዩዋትም። እንደራሴ የሌለው ሰው ለታክሲ ዛፍ ነው፤ ዞረውት ያልፋሉ። እጇን አውጥታ ቆማ ቆማ ሲደክማት ለሙሽሮች ፎቶ የምትቀመጥ አንዲት ጋሪ አየች፤ ዙሪያዋን የላስቲክ አበባ የተሰካባት። ባለጋሪው አቶ ያፌት የሚባል ቀጭን ሰው ነው።

«ሆራ ታደርሰኛለህ?» አለችው። ድምፅዋ ሻክሮ ለራሷም እንግዳ ሆነባት።

ያፌት አንገቷን አየ፤ ባዶ ነው። «እርስዎ ራስዎ ነዎት እንዴ የሚናገሩት?»

«ራሴ ነኝ።»

«ይውጡ፣ ይውጡ። ሙሽራው ወዴት አለ?»

«ሙሽራ የለም። ላስቀይም ያላሰብኩትን ሰው አስቀይሜ ልታረቅ ነው።»

«ፈረሴ ቂም አያውቅም፤ በፈለጉት መንገድ ይሄዳል» አለና አለንጋውን አነሳ። መንገዱን ሙሉ ሲያወራላት ነበር። ሶልያና አልሰማችውም፤ ጋሪው በየትኛው ጎን እንደሚገለበጥ እያሰበች የወዲያኛውን ብረት ጨብጣለች።

የወይዘሮ ኤልዳና በር ሰማያዊ ብረት ነው። ሶልያና ድንጋይ አንስታ ቆረቆረች። በእጅ የሚንኳኳ በር ከተሰማ ብዙ ጊዜ ስለሆነ፣ ውስጥ የነበረ ውሻ እንኳ መጮህ እንዳለበት እርግጠኛ አልሆነም። ቆይቶ በሩ ገርበብ አለና መነጽር ያደረገች ወፍራም ሴት ብቅ አለች።

«ማን ሞተ?» አለች።

«ማንም አልሞተም» አለች ሶልያና። ትንሽ ቆይታም «እስካሁን» ብላ ጨመረች።

ሴትየዋ ራሷን ነቀነቀች። «እስካሁን፤ እሱስ ልክ ነዎት» አለችና በሩን ሰፋ አድርጋ ከፈተች።

ሰላምታው ችግር ሆነ። ጉንጭ መሳም እንደሚያስፈልግ ሁለቱም ያስታውሳሉ፤ በየትኛው ወገን እንደሚጀመርና የት ላይ እንደሚቆም ግን ጠፍቷቸዋል። በአንድ ወገን ተሳሳሙ፣ መነጽሮቻቸው ተጋጩ፣ ይቅርታ ተባባሉና ሌላውን ወገን ተዉት።

«ሶልያና እባላለሁ። የጠጂቱ እናት ነኝ።»

የኤልዳና ፊት ተለወጠ። «እርስዎ ነዎት? ሽማግሎቼን እንደ ኳስ ያመላለሱት?»

«እኔ ነኝ። ማለት፣ እኔ አይደለሁም። እሷ ናት።»

ኤልዳና ባዶ አንገቷን አየች። «የት ጣሏት?»

«ዱቄት ውስጥ።»

ኤልዳና እንግዳዋን አተኩራ አየቻት። ከዚያ የራሷን ፈትታ ግቢውን ቃኘችና፣ ጥግ ላይ እንቁላል ከታቀፈች ዶሮ ሥር ሰደደቻት። ዶሮዋ ለአፍታ ተቆጥታ አደላድላ ተቀመጠችባት።

በረንዳው ላይ ተቀመጡ። ሁለቱም ምን እንደሚባል ጆሯቸው ላይ እስኪነገራቸው እየጠበቁ ነው፤ የሚናገር የለም። ከግቢው በታች ሐይቁ ይታያል። ሶልያና አየችውና አላስቻላትም።

«ልጅዎ ዋና ይችላል?»

«የት ይችላል። በኔ ሐሳብ በየቀኑ ነው የሚሰምጠው።»

«የኔዋ በእሳት ነው። ምድጃ ትረሳለች።»

«ለሷስ አይስጉ። እኛ ቤት ምድጃው በራሱ ይጠፋል።»

«በራሱ የሚጠፋ በራሱ ይበራል» አለች ሶልያና።

ኤልዳና እጇን አፏ ላይ ጫነች። ወደ ወጥ ቤቱ መስኮት ዞር ብላ አየች፣ ከዚያ ሶልያናን። «ይህን እኔ አላሰብኩትም ነበር» አለች፤ ድምፅዋ ውስጥ አክብሮት ገባበት። «እኔ የማስበው ጣሪያውን ነው። መብረቅ። ደግሞ የሰው ዓይን። አበባ እርሻው ላይ ደግሞ የሚረጩት መድኃኒት አለ፤ ሳያውቅ ጣቱን ቢልስስ እላለሁ።»

«ጣት ይልሳል?»

«በልጅነቱ ይልስ ነበር።»

«ሶፋ አለዎት?»

«አለን።»

«ይጠንቀቁት» አለች ሶልያና፤ ለምን እንደሆነም ነገረቻት። ኤልዳና ሰምታ ስትጨርስ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ «ሶፋ» አለች ቀስ ብላ፣ «ሶፋ»፤ ሶልያናም በዚያ ቃል ከባሮክ ቀብር ወዲህ ከደረሷት ማጽናኛዎች ሁሉ የበለጠ ተጽናናች።

ፀሐዩ በረንዳውን አልፎ ወደ ግድግዳው ወጣ። ስለ ልጆቻቸው ሳንባ ተነጋገሩ፣ ስለ ደረጃ፣ ስለ ድልድይ፣ ጥርስ ሲነቀል ስለሚደማው። ሶልያና እንደዚህ የጣፈጠ ጨዋታ መቼ እንደተጫወተች አታስታውስም። በመሐል ኤልዳና የቀሚሷን ጫፍ ማጣጠፍ ጀመረች።

«እውነቱን ልንገርዎት። የኔዋ ቶሎ ነው የተቀየመችው። አንድ ጊዜም ደግሜ ልሞክር ማለት ትችል ነበር። ግን ማታ ማታ ስነግራት የኖርኩት ሌላ ነገር ነው። ልጁ ከሄደ ይህን ግቢ ማን ይዞራል እያልኩ።» አፍንጫዋን ጠረገች። «እምቢ ሲሉን ደስ ብሏት ነበር መሰለኝ።»

«የኔዋም አስባበት ነው እምቢ ያለችው» አለች ሶልያና።

ሌላ የሚባል አልቀረም። ኤልዳና ተነሳች፣ ነጠላዋን አስተካከለች፣ ጉሮሮዋን ጠረገች። ልክ ሽማግሌ እንደሚቆም ቆመች።

«ወይዘሮ ሶልያና። ልጅዎን ለልጄ እንዲሰጡኝ በገዛ አፌ እጠይቃለሁ።»

ሶልያና እሺ ልትል አፏን ከፈተች። ለዚህች አንዲት ቃል ነው በጋሪ የመጣችው። ጠጂቱ ሶፋው ላይ ተጋድማ የምትጠብቀው ይህችኑ ነው፤ ነገ ጠዋት ደግሞ ታሽጎ ያልቃል።

«እንማከርበት» አለች።

ዶሮዋ ጥጓ ላይ ሆና አንዴ ቀና ብላ አየቻቸው።

«ከማን ጋር?» አለች ኤልዳና።

«እኔ እንጃ። አፌ ነው።»

ኤልዳና ጥቂት አሰበች። «የለም፣ ልክ ነዎት። በመጀመሪያው እሺ ቢሉኝ ኖሮ ልጅቷ ምን አለባት ብዬ ዕድሜ ልኬን እጠረጥር ነበር።» ብላ እስከ በሩ ሸኘቻት፤ ከኋላዋም ዘጋችው።

ሶልያና መንገዱ ላይ ቆመች። ያፌት ከጋሪው ላይ ሆኖ «አለቀ?» ሲላት «እየተማከርኩ ነው» አለችው። በእርግጥም ተማከረች። ቤቷን አሰበች፤ አንድ ሳህን፣ አንድ ብርጭቆ፣ ከመኝታ ቤት የማይሰማ ኮቴ። ከልጅቷ ጋር በገዛ አፋቸው የሚነጋገሩት በዓመት አንዴ ቢሆን ነው፤ ኮቴዋን ግን በየቀኑ ትሰማለች። ይህን ክፉ ነገር አስባው አታውቅም ነበር፤ ትሸሸው ነበር እንጂ። አሁን ፈረሱ ጎን ቆማ እስከ መጨረሻው አሰበችው። ታሰበ፤ አለቀ። ሶፋውን ያህል እንኳ አልከበዳትም።

በሩ ተንኳኳ። የተንኳኳው ከውስጥ ነው።

«ማን ነው?» አለች ሶልያና ከመንገዱ ላይ።

«ሽማግሌ ነኝ» አለች ኤልዳና ከግቢዋ ውስጥ።

«ምን ፈልገው ነው?»

«ቀደም ብዬ መጥቼ ነበር። እንማከርበት ብላችሁ መልሳችሁኛል።»

«አዎ። ተማክረናል።»

«ዘመድ ምን አለ?»

ሶልያና ዙሪያዋን አየች። «ፈረሱ እሺ ብሏል።»

«እርስዎስ?»

ያፌት ባርኔጣውን አወለቀ። ሶልያና ግንባሯን ብረቱ ላይ አስደግፋ፣ ሻካራ በሆነው በራሷ ድምፅ፣ «እሺ» አለች። በሩ ተከፈተና ሁለቱ ሴቶች እንደገና ተሳሳሙ፤ በዚህኛው መነጽራቸውን አውልቀው ስለነበር ሦስቱንም ጊዜ ተሳካላቸው።

«ማክሰኞ እኔ እመጣለሁ» አለች ኤልዳና። «ምድጃሽን አሳዪኝ።»

«ሶፋውንም ታዪዋለሽ» አለች ሶልያና።

ቤቷ ስትደርስ ጠጂቱ የለችም። ጫማዋም የለም። ታክሲው በትክክለኛው መንገድ ወስዷታል ማለት ነው። ሶልያና እጇን ታጥባ የዱቄቱን ባልዲ ከፈተች።

«የት ነበርሽ?» አለቻት እንደራሴዋ፣ ዱቄት እየተፋች። «ስንት ጊዜ ተጣራሁ? ጋሪ ተገልብጦ ነው አልኩ። ሐይቅ ገብተሽ ነው አልኩ። ለዕድሩ ልነግር ትንሽ ነበር የቀረኝ። ምን በላሽ? ማን አየሽ? አንድ ነገር ብትሆኚስ እኔ ምን ልሆን ነው?»

ሶልያና ክዳኑን በእጇ እንደያዘች አዳመጠች። ድምፁ የራሷ ነው፤ ጠጂቱ አምሽታ ስትገባ በሯ ላይ የሚጠብቃት ድምፅ። እንዲህ ወደ ራሷ ዞሮ ስትሰማው ይህ የመጀመሪያዋ ነው። ልጅቷ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ እንዴት እንደቻለችው ገረማት።

«በይ አውጪኝ» አለች እንደራሴዋ። «የዛሬው ምሳሽ አልተለጠፈም። ሰውም ሁሉ ታርቆ ሰላም እያለሽ ነው፣ መልስ ይፈልጋል። ከቆምንበት ልቀጥል?»

ሶልያና አሰበችበት።

«እንማከርበት» አለቻትና ክዳኑን መልሳ ገጠመችው።